የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ክፍያ በታግ ቢሆን ለጥገና የሚተርፈው ገንዘብ ይጨምራል ወይ?

የአዳማ ጭነት (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዳማ ላይ በጭነት ሥራ የተሰማራን ባለንብረቶች ስለ ፈጣን መንገዱ የክፍያ አሰባሰብ የጽሑፍ አስተያየት እያዘጋጀን ነው። ሐሳባችን ክፍያው ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሆኖ መኪና ሳይቆም ይለፍ፣ የሚተርፈው ገንዘብ ደግሞ መንገዱን ይጠግን የሚል ነው። ከመጻፋችን በፊት ግን ሥራውን የምታውቁ ሰዎች እንድታስረዱን እንፈልጋለን።

መስኮት ላይ በስልክ መክፈልና መስታወት ላይ በተለጠፈ ታግ ማለፍ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በታግ ቢሆን ገንዘቡ የሚጨምረው በምን በኩል ነው? 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ባለ ስድስት መስመር መንገድስ ለጥገና ምን ያህል ይፈልጋል? የመጨረሻውን በብር ሳይሆን በሥራ መጠን ብትነግሩን ይሻለናል፤ የብር ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም።

ሎፕና አንቴና

በስልክ መክፈል ጥሬ ብሩን ወደ ባንክ ሒሳብ ያዞረዋል፤ ወረፋውን ግን አያሳጥረውም። መኪናው ቆሞ ሹፌሩ መጠኑን ይጠይቃል፣ የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል፣ ማረጋገጫ እስኪመጣ ይጠብቃል። ኔትወርክ በደከመ ሰዓት ከጥሬ ገንዘብም ይብሳል። በሰው የሚሠራ አንድ መስመር በሰዓት ከ250 እስከ 400 መኪና ነው የሚያሳልፈው። መስታወት ላይ የተለጠፈው ታግ በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብበት፣ የመዝጊያ ዘንግ ያለው መስመር ግን በደህና አያያዝ 800ና ከዚያ በላይ ያሳልፋል።

ገንዘቡ ይጨምራል ወይ ለተባለው፣ የሚጨምረው በዋናነት ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የመሰብሰቢያው ወጪ መቀነሱ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ100 ብር ገቢ 20ው ለመሰብሰቢያው ለራሱ ይወጣል እንበል፤ ወደ 12 ቢወርድ የተጣራው ከ80 ወደ 88 ይደርሳል። አንድም መኪና ሳይጨመር፣ ታሪፍም ሳይነካ የተጣራው ገቢ አሥር በመቶ አደገ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ትልቁ፣ ፍሳሹ መደፈኑ ነው። የእኛ መንገድ መግቢያው ላይ ካርድ ተወስዶ መውጫው ላይ በርቀትና በመኪና ዓይነት የሚከፈልበት ነው። እንዲህ ያለ አሠራር የትም አገር ቢሆን የታወቁ ቀዳዳዎች አሉት፦ ተሳቢ ያለው መኪና እንደሌለው ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሩቅ የመጣ ሹፌር በቅርብ ጣቢያ የተወሰደ ካርድ ይዞ ይወጣል፣ ካርድ ጠፋ ይባላል፣ ‘ነጻ ማለፊያ’ ያለው መኪና ቁጥር ይበዛል። ታግ ከሰሌዳና ከመኪናው ዓይነት ጋር ሲታሰር ካርድ መለዋወጥ የሚባለው ነገር በቃ ይቀራል።

ታጉ ብቻውን ግን አይበቃም። የቪትዝ ታግ ሲኖትራክ ላይ ተለጥፎ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር መኪናውን ራሱ ማየት አለበት፦ አስፋልት ውስጥ የተቀበረ ሎፕ (የሽቦ ጥቅል) መኪና መኖሩን ይናገራል፣ በመስመሩ ግራና ቀኝ የቆመ የብርሃን መጋረጃ የመኪናውን ቅርጽና ተሳቢውን ይለያል፣ ወለሉ ላይ ያለው መቁጠሪያ አክስሎቹን (ግራና ቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዙትን ብረቶች) ይቆጥራል፣ ካሜራ ሰሌዳውን ያነባል። ታጉ ‘ቪትዝ’ ብሎ መቁጠሪያው አምስት አክስል ካለ ዘንጉ አይነሳም፣ ወይም ሒሳቡ በምስል ተይዞ ለማጣሪያ ይላካል። የእኛ ነባሩ ሰሌዳ የክልሉን ፊደል በግዕዝም ስለሚይዝና ቁጥሩ ብቻውን በክልልና በኮድ ስለሚደጋገም፣ ከውጭ የሚገዛ የካሜራ ሶፍትዌር በአገር ውስጥ ሰሌዳ ካልሠለጠነ ሁለት መኪና አንድ አድርጎ ይመዘግባል። ጨረታ ላይ ይህ ሁልጊዜ ይረሳል፤ አስተያየታችሁ ውስጥ አስገቡት።

ባትሪ የሌለው የስቲከር ታግ ርካሽ ነው፤ ሕንድ በ2021 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በክፍያ መንገዶቿ ላይ ግዴታ ያደረገችው ይህንኑ ዓይነት ነው፣ ያኔ ታግ የሌለው እጥፍ እንዲከፍል ተደርጎ ነበር። ችግሮቹ የታወቁ ናቸው። ሙቀት የሚመልስ የብረት ቅብ ያለው መስታወት ሞገዱን ያግዳል፤ አምራቹ ለታግ የሚተወው ክፍት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል የኋላ ማያ መስታወቱ ጀርባ ነው፣ እዚያ ካልተለጠፈ አይነበብም። ታጉን የሚያነበው አንቴና በትክክል ካልተዘነበለ በጎን መስመር የቆመውን መኪና ታግ ያነብና ለፊተኛው መኪና ዘንጉን ይከፍታል፤ ያልከፈለው ያልፋል፣ የከፈለው ይቆማል፣ ጭቅጭቁ ይጀመራል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመስመሩ ኮምፒውተር ቢያንስ ጄኔሬተር እስኪነሳ የሚቆይ ባትሪ ሊኖረው፣ ኔትወርክ ሲቋረጥም የታጎቹን ዝርዝር ውስጡ ይዞ ሒሳቡን ማጠራቀም መቻል አለበት። ይህ ከሌለ አንድ መቋረጥ በመጣ ቁጥር ዘንጉ በእጅ ይነሳና የዚያ ሰዓት ገቢ የት እንደገባ አይታወቅም።

ዘንግ ይቅር፣ በካሜራ ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብም ይነሳል። በደቡብ አፍሪካ ጋውቴንግ በ2013 (ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር) የተጀመረው ዘንግ የሌለው አሠራር ሕዝቡ አልከፍልም ስላለ በ2024 ተዘግቷል። የሰሌዳና የባለቤትነት መዝገባችን ወቅታዊ ሆኖ ቅጣቱ በዓመታዊ ምርመራ ላይ መያዝ እስኪችል ድረስ ዘንጉ ይቆይ ባይ ነኝ።

ሬንጅና ጠጠር

የጥገናውን መጠን በተመለከተ እኔ ልመልስ። ቁጥሩን ያላየ ሰው የክፍያ ገንዘብ ብዙ ይመስለዋል።

አንድ መስመር 3.75 ሜትር ስፋት አለው እንበል። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 5 ሴንቲ ሜትር አዲስ አስፋልት ለመደረብ 3.75 × 1000 × 0.05 ስናባዛ 187.5 ሜትር ኩብ ይመጣል፤ አንድ ሜትር ኩብ በሚመዝነው 2.4 ቶን ሲባዛ 450 ቶን የአስፋልት ድብልቅ ነው። ከዚህ ውስጥ 5 በመቶው ሬንጅ ቢሆን 22.5 ቶን። ስድስት መስመር በ85 ኪሎ ሜትር 510 የመስመር ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ 229,500 ቶን ድብልቅና 11,475 ቶን ሬንጅ ይሆናል፣ ትከሻው (ከመስመሮቹ ውጭ ያለው የመንገዱ ጠርዝ) ሳይቆጠር። መደረብ በጥሩ አያያዝ በየ10 ዓመቱ ገደማ የሚመጣ ሥራ ነው። መንገዱ ክፍያ የጀመረው በ2007 ዓ.ም. መሆኑን አስቡት።

ይህ እንግዲህ መንገዱ ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ነው። ሥሩ ከተበላሸ ድርብ አያድነውም፣ ተቆፍሮ እንደ አዲስ ይሠራል፣ ወጪውም ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ከክፍያ የሚተርፍ የመጀመሪያው ብር መሄድ ያለበት ውሃ ወደ ሥሩ እንዳይገባ ለማድረግ ነው። የእኛ መሥመር ላይ ይህ ልዩ ትርጉም አለው። ከአቃቂ እስከ ሞጆ ብዙው መሬት ኮትቻ (ጥቁር ሸክላ አፈር) ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። አፈሩ ሲደርቅ ከመንገዱ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ በትከሻው ርዝመት እንደ ክር የሚሄድ ስንጥቅ ይወጣል፣ ባሕር ዛፍ በቀረበበት ቦታ ደግሞ ይብሳል። ስንጥቁ በሚያዝያና በግንቦት አፉን ከፍቶ ሰኔ ላይ ዝናቡን ይቀበላል። ወደ አዳማ ሲጠጋ ደግሞ አፈሩ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ቀላል ጠጠር ስለሆነ ችግሩ ይለወጣል፦ ከቱቦ የሚወጣ ውሃ በድንጋይ ካልተነጠፈለት ታች ያለውን ይቦረቡርና ገደሉ ወደ መንገዱ ተመልሶ ይመጣል።

ስንጥቅ መሙላት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የሚበላሸውም ለዚህ ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ የከፈተ ስንጥቅ በማሽን ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና ተመጣጣኝ ጥልቀት ይቆረጣል። በኮምፕሬሰር አየር ይጠረጋል፤ እርጥበት ካለ በሞቃት አየር ይደርቃል። ላስቲክ ያለው መሙያ ወደ 190 ዲግሪ ይሞቅና ከወለሉ እኩል ይፈስሳል፤ ጎማ እንዳያነሳው ደቃቅ አሸዋ ይነሰነስበታል። አቧራው ሳይወጣ ከተሞላ በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ቶሎ ይቅለጥ ተብሎ ከልክ በላይ ከተሞቀ ደግሞ መለጠጡን ያጣና በብርድ ሌሊት ራሱ ይሰነጠቃል። ይህ ሥራ ከጥር አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ማለቅ አለበት። በጀቱ ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ የሚከፈት ከሆነ፣ የሐምሌ ገንዘብ ዝናብ ላይ ይደርሳል፤ ግዢው እስኪያልቅ ታኅሣሥ ይሆናል። የመሙያ ግዢው አንድ ዓመት ቀድሞ ካልተያዘ ወቅቱ ያመልጣል።

ጉድጓድ ላይ ድብልቅ በአካፋ ጥሎ መኪና ይደምድመው ማለት ገንዘብ መጣል ነው። እስከ ጤነኛው አስፋልት ድረስ፣ ከጉድጓዱ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ፣ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፤ ግድግዳው ቀጥ ይላል። ውሃና ልቅ ጠጠር ይወጣል፣ ታክ ኮት (አዲሱን ከአሮጌው የሚያጣብቅ ሬንጅ) በስሱ ይቀባል፤ ከበዛ ድብልቁን ያንሸራትተዋል። ድብልቁ ከ120 ዲግሪ በላይ እያለ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየገባ በሮለር ይደመደማል። ከሩቅ ፋብሪካ ሸራ ሳይለብስ የመጣ ድብልቅ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፤ የአዳማ ነፋስ ደግሞ ይታወቃል።

አንድ የሚረሳ ወጪ ልጨምር፦ ሥራው የሚሠራው 120 ኪሎ ሜትር የተፈቀደበት መንገድ ላይ ነው። ፍጥነቱ ወደ 100 ቢወርድ እንኳ አንድ መስመር ለመዝጋት ኮኖቹ ከ200 ሜትር በላይ እየጠበቡ መዘርጋት አለባቸው፤ ከኮኖቹ በፊት ማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ከሠራተኛው ኋላ መብራት ያለው ከባድ መኪና ያስፈልጋል። ይህ በጀት ውስጥ ካልገባ ጥገናው በሰው ሕይወት ይከፈላል። ይህን ስጽፍ ልቤ የሚደማበት ጉዳይ ነው።

የሒሳብ ሰው

ከላይ ያሉት ወንድሞች የተናገሩትን ልደግፍና ወደ ሒሳቡ ልግባ። ታግ ገንዘብ ይሰበስባል፤ ለጥገና መዋሉን የሚያረጋግጠው ግን የሒሳቡ አወቃቀር ነው።

የክፍያ መንገድ ገቢ ሲከፋፈል ቅደም ተከተሉ ሁሉንም ይወስናል። ደመወዝና መብራት አስቀድሞ ይከፈላል፣ መንገዱ በብድር ከተሠራ (ይህኛው አብዛኛው በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው የተሠራው) ዕዳ ይከተላል፣ ጥገና የተረፈ ሲገኝ ይጠበቃል። ትክክለኛው ግን ዓመታዊው ጥገና ከሥራ ማስኬጃ ጋር በአንድ ደረጃ እንዲቀመጥ፣ ለድርቡ ደግሞ የተለየ የጥገና መጠባበቂያ ሒሳብ እንዲከፈትና በየወሩ የተወሰነ መጠን እንዲገባበት ነው። ከላይ የተሰጠውን ቁጥር ለ120 ወር ካካፈልነው በወር ወደ 1,912 ቶን ድብልቅ ወይም 96 ቶን ሬንጅ ገደማ ነው። ጠያቂው በብር አትንገሩኝ ያሉት ትክክል ነው። ሬንጅ የሚመጣው ከውጭ በዶላር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 በላይ ሄደ። በብር የተቀመጠ መጠባበቂያ በዚያን ጊዜ መግዛት የሚችለው ሬንጅ በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ አስተያየታችሁ ላይ መጠባበቂያው በሬንጅ ቶን እንዲለካና ጉድለቱ በየሩብ ዓመቱ እንዲሟላ፣ ታሪፉም በግልጽ ቀመር በየዓመቱ እንዲታይ ጠይቁ። ለዓመታት ተይዞ ቆይቶ በአንዴ ብዙ የሚጨመር ታሪፍ ባለንብረቱንም መንገዱንም ይጎዳል።

ማመሳከሪያውን አትርሱ። በየዕለቱ አራት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፦ ሎፑ የቆጠረው መኪና፣ የብርሃን መጋረጃው የለየው ዓይነት፣ ሲስተሙ የመዘገበው ክፍያ፣ ባንክ የገባው ብር። አራቱ ከተራራቁ ልዩነቱ በየትኛው መስመር፣ በየትኛው ፈረቃ እንደተፈጠረ ወዲያው ይታያል። ይህ ማጠቃለያ በየወሩ ለሕዝብ ይውጣ በሉ። ከፋዩ ገንዘቡ የት እንደገባ ማየት መብቱ ነው።

የአዳማ ጭነት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ተምረናል። አንድ ነገር ግን ስብሰባችን ላይ እያጨቃጨቀን ነው። ገሚሱ ከባድ መኪና በክብደት ይክፈል የሚለው ነገር ከመጣ ሁላችንም በድሮው መንገድ በቢሾፍቱና በዱከም እንሄዳለን ይላል። ሌላው ደግሞ ሳይጭኑ የሚመለሱ ሰዎች እንደጫኑት መክፈላቸው ግፍ ነው ይላል። እንዴት ነው የሚታየው? ተሳቢ የሚፈታና የሚቀጠል መኪናስ ታጉ ምን ይሆናል?

ሬንጅና ጠጠር

ባዶ የሚመለሱት ያነሱት ነገር እውነት ነው። አስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከአክስል ክብደት ጋር በአራተኛ ደረጃ ያድጋል፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓ አቆጣጠር) አሜሪካ ኢሊኖይ ላይ ከተደረገው ሙከራ ጀምሮ ቀያሾች የሚሠሩበት ሕግ ነው። 13 ቶን የተሸከመ አክስል 10 ቶን ከተሸከመው የሚበልጠው በ30 በመቶ ቢሆንም ጉዳቱ 1.3 × 1.3 × 1.3 × 1.3 ሲባዛ ወደ 2.9 እጥፍ ነው። 600 ኪሎ የሚያርፍበት የቤት መኪና አክስል አንዱን የ10 ቶን አክስል ለመስተካከል ከ77,000 ጊዜ በላይ ማለፍ አለበት። እንግዲህ በልክ የጫነ ባለንብረት ከልክ በላይ የጫነውን ጉዳት እየከፈለለት ነው። በክብደት መክፈል ለአብዛኞቻችሁ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ኒው ዚላንድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ፣ ስዊዘርላንድ ከ2001 ጀምሮ (ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር) ከባድ መኪናን በክብደትና በርቀት ያስከፍላሉ።

አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፍጥነት እየሄደ ያለን መኪና የሚመዝን ሴንሰር 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል፤ ለመለየት ይሆናል እንጂ ለማስከፈል አይሆንም። ለማስከፈል መግቢያው ጣቢያ ላይ በእግር ፍጥነት የሚታለፍበት ሚዛን ይሠራል። ሚዛኑ ያረፈበት ቦታ ከፊትም ከኋላም ደልዳላ የኮንክሪት ወለል ይፈልጋል፤ የጎማ ቦይ በሠራ አስፋልት ላይ ከተቀመጠ መኪናው ስለሚነጥር ያልሆነ ቁጥር ይሰጣል። ክብደቱ በታወቀ መኪና በየጊዜው ካልተስተካከለ ደግሞ ሹፌሩም ሠራተኛውም አያምኑትም። ሚዛኑ መግቢያው ላይ የሚሆነው ከልክ በላይ የጫነው ወደ መንገዱ ሳይገባ እንዲመለስ ነው፤ መውጫው ላይ መመዘን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሎፕና አንቴና

ተሳቢን በተመለከተ ታጉ የሚለጠፈው ጎታቹ ላይ ነው፣ ተሳቢው ታግ አያስፈልገውም። መቁጠሪያው አክስሎቹን በየጉዞው ስለሚያይ ተሳቢ ፈትታችሁ ስትመለሱ ሒሳቡ በዚያው ልክ ይወርዳል። አስተያየታችሁ ላይ ‘ክፍያው በተመዘገበው የታግ ዓይነት ሳይሆን በዕለቱ በተቆጠረው አክስል ይሁን፣ ልዩነት ሲኖር ፎቶው ለባለንብረቱ ይታይ፣ አቤቱታ ለማቅረብም የተወሰነ ቀን ይሰጥ’ ብላችሁ አስፍሩ። ብዙ መኪና ያላችሁ ደግሞ ለሁሉም ታግ አንድ የጋራ ሒሳብ እንዲፈቀድ ጠይቁ። ካልሆነ አንዱ ታግ ብር ሲያልቅበት ሹፌሩ ዘንጉ ሥር ቆሞ እናንተ አዳማ ላይ ስልክ ስትነካኩ ከኋላው ያለው ሁሉ ይታገዳል። ዝቅተኛው ቀሪ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ለባለንብረቱም ለሹፌሩም መልእክት ይላክ።

የሒሳብ ሰው

ስለ ድሮው መንገድ፦ ሽሽቱ እውነተኛ ሥጋት ነው። ከጅቡቲ በአዋሽና በአዳማ በኩል መጥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገባው ጭነት ብዙ ነው። ፈጣን መንገዱ ላይ ክብደት ተጠይቆ አሮጌው ላይ ካልተጠየቀ፣ ከልክ በላይ የጫነው ሁሉ ወደ አሮጌው ይወርዳል። የአሮጌው ጥገና በ1989 ዓ.ም. አዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅና ከመሳሰሉት ከሚሰበስበው የሕዝብ ገንዘብ ነው የሚጠበቀው። አንዱን መንገድ አድነን ሌላውን እንገድላለን፤ ቢሾፍቱና ዱከም ውስጥ በከባድ መኪና መሐል መንገድ የሚሻገር ሕፃን አለ። ስለዚህ በክብደት መክፈል ሲጀመር ሁለቱም መንገድ ላይ በአንድ ቀን ሚዛን ይኑር፤ በልክ ለጫነና ባዶ ለሚመለስ የፈጣን መንገዱ ክፍያ ዝቅ ይበል። ዋጋውን ስታነጻጽሩ በነዳጅ፣ በፍሬን ሸራ፣ በጎማና በጠፋ ሰዓት አስሉትና ለአባሎቻችሁ በወረቀት አሳዩ፤ በአሮጌው መንገድ በየከተማው ቆሞ መነሳት ለጫነ መኪና ምን ያህል እንደሚያስወጣ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ያንን ስሌት ከአስተያየቱ ጋር አያይዛችሁ ብታቀርቡት ታሪፍ የሚያወጣው ክፍል የሚጠቀምበት ቁጥር ይሆነዋል።